ማድቀቁ ሳይሆን ማቆየቱ
በውኃ የማይሟሟ መድኃኒት ቢዋጥም አብዛኛው ወደ ደም ሳይገባ ከሰውነት ሊወጣ ይችላል። አንዱ መፍትሔ ቅንጣቶቹን ከ1 ማይክሮሜትር በታች ማድቀቅ ነው፤ ለውኃ የሚጋለጠው ገጽ ሲሰፋ መድኃኒቱ ፈጥኖ ይሟሟል። ዋናው ፈተና ግን የደቀቀውን እንደደቀቀ ማቆየት ነው። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ትንንሾቹም እየሟሙ ትልልቆቹን ያሳድጋሉ። ስለዚህ ገጻቸውን የሚሸፍን ፖሊመር ወይም ሰርፋክታንት እንደ ማረጋጊያ ይጨመራል።

«የሚዋጠውን መጠን መጨመር አይቀልም?» የሚል ይኖራል። መሟሟት ያቃተው መድኃኒት ቢበዛ ግን ትርፉ ጥቂት ነው። በኬሞቴራፒ ሳቢያ የሚመጣን ማስመለስ የሚከላከለው አፕሪፒታንት እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የተፈቀደው በዚህ የማድቀቅ ስልት ተዘጋጅቶ ነው፤ ያለ ምግብም ይወሰዳል። አንድ ማረጋጊያ ለሁሉም እንደማይስማማ እውነት ነው። ይህ ግን ለየመድኃኒቱ የሚስማማውን በሙከራ መምረጥ ግድ መሆኑን እንጂ የስልቱን ከንቱነት አያሳይም።