የእናቶች የበጋ ልብስ፦ ከፓሪስ እስከ ወልቂጤና ቡታጅራ

የፈረንጆቹ መጽሔቶች «የበጋ ልብስ» ሲሉ የሚያወሩት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ስላለው ጊዜ ነው። ያኔ ፓሪስ በፀሐይ ትቃጠላለች፤ እኛ ዘንድ ግን ክረምት ነው። ወልቂጤ ላይ ጭቃው እግር ይይዛል፤ ቡታጅራም የዘቢዳር ተራራ ጉሙን ለብሶ ሲውል ያለ ጃንጥላ መውጣት አይታሰብም። የእኛ ሙቀት የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በተለይም በየካቲትና በመጋቢት ነው። ስለዚህ ፈረንሳይ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ባለፈው ሰኔ «አያቴ እንዲህ ብትለብስ እንዴት ታምር ነበር!» ብላ በቴሌግራም የላከቻቸውን ፎቶግራፎች እናቴ ያየቻቸው ጋቢዋን እንደተከናነበች ነው።

ፎቶግራፎቹ ላይ ያሉት ሴቶች ሁሉም ከስልሳ ዓመት በላይ ናቸው። ሰፋ ያለ ነጭ ሸሚዝ፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ ጉርድ ቀሚስ፣ ሰማያዊ መስመር ያለው ስስ ሹራብ፣ ተረከዝ የሌለው ጫማ፣ አንገት ላይ ጣል የተደረገ ሻርፕ፣ የሰሌን ባርኔጣ። የሚያብረቀርቅ ነገር የለም። እናቴ ስልኩን ጠጋ ራቅ እያደረገች አየቻቸውና «እነዚህ ሴትዮዎች ተመችቷቸዋል» አለች። ስለ ውበታቸው አንድም ቃል አልተናገረችም። እኔን ያሳሰበኝና ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ «ተመችቷቸዋል» የምትለዋ ቃል ናት።

እኔ የሃምሳ ሰባት ዓመት ሴት ነኝ፤ የሁለት ልጆችም አያት። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እናቴ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወልቂጤ ላይ አለች፤ አክስቴ ደግሞ ወደ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ቡታጅራ ትኖራለች። በሁለቱ ቤቶች ያየሁት ነገር አንድ ዓይነት ነው፦ ሣጥኑ በልብስ ሞልቷል፤ እናት ግን የምትለብሰው የላትም።

ሣጥኑ ሲከፈት

የጉራጌ ልጅ የትም ይሥራ የት ለመስቀል አገሩ ይገባል። ሙስሊሙም ለአረፋ እንዲሁ። በዚህ ላይ ለእናቶች ክብር የሚከበር አንትሮሽት የሚባል በዓል አለን። ታዲያ ባዶ እጁን የሚሄድ ማን አለ? ከመርካቶ ተገዝቶ በፌስታል የተጠቀለለ ቀሚስ የሌለበት ሻንጣ አይገኝም። እናት ትመርቃለች፤ ልጅ ደስ ብሎት ይመለሳል፤ ቀሚሱ ሣጥን ይገባል።

አንድ ቀን እናቴን ፈቃድ ጠይቄ ሣጥኗን አብረን አወጣን። አሥራ አንድ ቀሚስ ቆጠርን። ከእነዚያ ውስጥ የምትለብሰው ሁለቱን ብቻ ነው። የቀሩትን አንድ በአንድ እያነሣሁ ለምን እንደማትለብሳቸው ጠየቅኋት።

«ይኼ ዚፑ ከጀርባ ነው። ብቻዬን ነው የማድረው፤ ማን ይዘጋልኛል?»

«ይኼ ያፍናል። ከለበስኩት እስካወልቀው እንደ ላስቲክ ነው።»

«የዚህ እጅጌው ጠባብ ነው፤ ትከሻዬ አይነሣልኝም።»

«ይኼ ደግሞ መሬት ይጠርጋል፤ ይጥለኛል።»

«ይኼ ያብረቀርቃል። ለማን ብዬ?»

አንዱን ሰማያዊ ቀሚስ ሳነሣ ግን ዝም አለች። ያማረ የጥጥ ቀሚስ ነው፤ በልኳም ነው። ቆይታ «እሱ ለክፉ ቀን ነው» አለችኝ። ክፉ ቀን ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ የእኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እናቶቻችን ጥሩውን ልብስ ለእንግዳ፣ ለለቅሶና ለመጨረሻው ቀን ያስቀምጡታል። ለዛሬ የሚቀራቸው ያለቀው ነው።

ከፈረንሳይ ምን እንውሰድ?

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላልና የፓሪስን ልብስ እንዳለ አምጥቶ እናት ላይ መጫን ትርፉ ሣጥን መሙላት ነው። መውሰድ ያለብን አስተሳሰቡን ነው። ኮኮ ሻኔል የምትባለውን ፈረንሳዊት ልብስ ሠሪ ስሟን ያልሰማ የለም፤ ሽቶዋን ብዙዎቻችን እናውቃለንና። ሻኔል እ.ኤ.አ. በ1913 ዶቪል በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ሱቅ ስትከፍት፣ የዘመኑ ሴቶች ወገባቸውን በጥብቅ ማሰሪያ ታጥረው ነበር የሚሄዱት። እሷ በዚያ ዘመን ለወንዶች የውስጥ ልብስ ይውል ከነበረ ጀርሲ ከተባለ ለስላሳ ጨርቅ የሴት ልብስ ሠራች። ሴቶቹ መተንፈስ፣ መራመድና እጃቸውን ኪሳቸው መክተት ቻሉ።

ለእኛ ዕድሜ የሚጠቅመው የታሪኳ ክፍል ግን ሌላ ነው። ሻኔል የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1883 ነው። በጦርነቱ መጀመሪያ የዘጋችውን የልብስ ቤት በ1954 እንደገና ስትከፍት ዕድሜዋ ሰባ ነበር። በእኛ አገር በሰባ ዓመቷ አዲስ ልብስ የምትፈልግ ሴት «ምን ሆና ነው?» ትባላለች። እሷ በዚያ ዕድሜዋ የሌሎችን ሴቶች አለባበስ እንደገና መወሰን ጀመረች።

ሰማያዊ መስመር ያለው ሹራብም መነሻው የሥራ ልብስ ነው። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1858 ለመርከበኞቹ የደነገገው ልብስ ሲሆን ደረቱ ላይ 21 ነጭ መስመሮች ነበሩት። የፈረንሳይ የበጋ አለባበስ የሚባለው እንግዲህ ከመርከበኛና ከገበሬ ልብስ የመጣ ነው፦ ስስ ጨርቅ፣ ሰፊ አሰፋፍ፣ ጥቂት ቀለም፣ አንድ ጌጥ። ነጭ ሸማ ለብሳ ጥለቱ ጫፉ ላይ ብቻ የወጣለትን ነጠላ የምትጎናጸፍ እናት ይህን ሕግ ፓሪስ ሳትሄድ ታውቀዋለች።

ከጨርቅ ይጀመር

ለሙቀት ጊዜ ጥጥን የሚያህል የለም። ላብ ይመጥጣል፤ አየር ያስገባል። የሴት ልጅ የወር አበባ በአብዛኛው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ይቋረጣል። በዚያ ጊዜ ድንገት ከደረት ወደ ፊት የሚወጣውን ትኩሳትና የሌሊቱን ላብ ያየነው እናውቀዋለን። ፖሊስተር የለበሰች ሴት ያን ጊዜ ምድጃ የታቀፈች ያህል ነው። በዚያ ላይ ሰው ሠራሽ ጨርቅ እሳት ሲነካው ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል። እንጀራ ለምትጋግርና በእንጨት ለምታበስል እናት ይህ ትልቅ አደጋ ነው።

ሱቅ ላይ «ጥጥ ነው» መባሉ ብቻውን አይበቃም። ከጨርቁ ጫፍ አንድ ክር መዝዘው ቤትዎ በክብሪት ይለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ተቃጥሎ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ይኮማተርና እንደ ዶቃ የጠነከረ ጥቁር እብጠት ይሆናል።

ፈረንሳዮቹ የሚወዱት «ሊነን» የተባለው ጨርቅ ከምን እንደሚሠራ ስነግራት እናቴ ሳቀች፤ ከተልባ ነውና። እኛ ፍሬውን ቆልተን ወቅጠን እንጠጣዋለን፤ እነሱ ከግንዱ ጭረት ክር ይፈትሉበታል። ሊነን ቀዝቃዛና ጠንካራ ነው፤ ግን ወዲያው ይጨማደዳል። ፈረንሳዮቹ መጨማደዱን እንደ ውበት ያዩታል። ካውያ ያልነካውን ልብስ ለብሳ ከደጅ የማትወጣ የእኛ እናት ግን አትቀበለውም፤ ዋጋውም ይወደዳል። ስለዚህ ስስ ጥጥ ይሻላል። ሜትሩን ገዝተው ለሰፊ ከመስጠትዎ በፊት ግን ውኃ ውስጥ ነክረው ያድርቁት፤ አለዚያ ከተሰፋ በኋላ ይሰበሰባል።

አሰፋፉ

ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ በረንዳ ላይ የሲንጀር መኪናቸውን ዘርግተው የሚሠሩ ጎበዝ ልብስ ሰፊዎች አሉ። ከመርካቶ የተሰፋ ከመግዛት ጨርቅ ገዝቶ እዚያው ማሰፋት ይሻላል፤ ልኩን እናት ራሷ ቆማ ትሰጣለችና። እኛ ያሰፋነው እንዲህ ነው፦

ከፊት እስከ ታች የሚቆለፍ፣ ቁልፉ ተለቅ ያለ፣ የደከመ ጣት የማያስቸግር። እጅጌው ከክርን በታች የሚደርስ፣ ብብቱ ጋ ሰፋ ያለ። አንገትጌው ደረት የማያሳይ ግን ጉሮሮ የማያንቅ። ርዝመቱ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚቆም፤ እንዳይጥልም እንዳያሳፍርም። ወርዱ ለስግደት የሚበቃ፤ ቤተ ክርስቲያን ለምትሰግደውም መስጊድ ለምትሰግደውም። በሁለቱም ጎን ደግሞ ኪስ፦ ለቁልፍ፣ ለስልክ፣ ለሳንቲምና ለመድኃኒት። ልብስ ሰፊው «ለአሮጊት ኪስ ምን ያደርጋል?» ብሎ ቀልዶ ነበር። እናቴ «መቀነቴ ላይ ቋጥሬ ስፈታ አንተ ትቆምልኛለህ?» አለችው።

አንድ ጌጥ ይበቃል ካልን እሱም ቤታችን አለ። «ዳንቴል» የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ለገሃር «ላ ጋር» ከሚለው እንደመጣ ሁሉ። እናቶቻችን በወጣትነታቸው ለሶፋና ለጠረጴዛ የሠሩት ዳንቴል ዛሬም አለ። ነጭ የዳንቴል አንገትጌ ቀለል ባለ ሰማያዊ የጥጥ ቀሚስ ላይ ቢሰፋ ፓሪስም ወልቂጤም አያሳፍርም። ጎረቤታችን የሆኑ ሙስሊም እናት ይህንኑ ስፌት አይተው እጅጌውን እስከ አንጓ አስረዝመው አሰፉት፤ ከቀሚሱ ቀለም ጋር የሚሄድ ስስ የጥጥ ሻርፕም ጨመሩበት።

ጥቁሩ ልብስ

እ.ኤ.አ. በ1926 የሻኔል ቀላል ጥቁር ቀሚስ በአሜሪካው ቮግ መጽሔት ከወጣ ወዲህ ጥቁር በዓለም የማጌጫ ቀለም ሆኗል። በእኛ ዘንድ ግን ጥቁር ከል ነው። ቡታጅራ ያለችው አክስቴ ልጇን ከቀበረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ እስካለፈው ጥር ድረስ ከላዩዋ ጥቁር አልወረደም ነበር። በየካቲት ፀሐይ ጥቁር ሻሽና ጥቁር ሹራብ ለብሳ ገበያ ደርሳ ስትመለስ ራሷን እየያዘች ትቀመጣለች። ጥቁር ሙቀት ይስባል።

ከል በትእዛዝ አይወልቅም። «በቃሽ» ብለን ብንላት «ልጄን እርሺው በሉኝ» ትለናለች። የረዳን ሽማግሌ እንደሚላከው መላካችን ነው። የንስሐ አባቷ፣ የዕድር ጓደኞቿና የልጇ አብሮ አደጎች አንድ እሑድ ቤቷ ተሰብስበው «ለእሱ መታሰቢያ እናድርግ፣ አንቺም ነጭ ልበሺለት» አሏት። «ልበሺለት» የምትለዋ ቃል ረዳች። ልብሱን የምትለብሰው ለልጇ ሲሆን ክህደት መሆኑ ቀረ። በመጀመሪያ የለበሰችው አመድማ ነው። ነጩን በፋሲካ ለበሰችው። አሁንም ጥቁር ነጠላዋን አጥፋ አስቀምጣዋለች፤ እኛም አልነካነውም።

ራስና እግር

ሁለቱም ከተሞች 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየ1,000 ሜትር ከፍታው የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይህ ጨረር ቆዳ ከማበላሸቱም በላይ ለዓይን ሞራ አንዱ ምክንያት ነው። እናት ባርኔጣ አላደርግም ካለች ጃንጥላ ለክረምት ብቻ እንዳልሆነ ያስታውሷት። ማታ ደግሞ ሁለቱም ከተሞች ስለሚበርዱ ነጠላ ወይም ስስ ሹራብ ከእጅ አይጥፋ።

ጫማ ከሁሉ ይቀድማል። ወደ ኋላ የሚከፈት ነጠላ ጫማ ለሸመገለ እግር አይታመንም። ተረከዙን የሚይዝ፣ ሶሉ የማያንሸራትት፣ ፊቱ ሰፊ የሆነ ሸራ ጫማ ይምረጡ። ግዢውን ከሰዓት በኋላ ያድርጉት፤ እግር ሲውል ያብጣልና ጠዋት ልክ የነበረው ማታ ይጠብባል።

ለልጆችና ለልጅ ልጆች

የሰባ ስምንት ዓመቷ እናቴ አሁን ሰማያዊውን ቀሚስ ማክሰኞም ሐሙስም ትለብሰዋለች። «ለክፉ ቀንስ?» ብላት «ለዚያ ቀን የምታስቡበት እናንተ ናችሁ» አለችኝ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሴት ልጅ ስታረጅ መጀመሪያ የምትተወው ራሷን ነው፤ ቤተሰቡም «ዕድሜ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ለዛሬ አልለብስም የምትል እናት ዛሬን ከራሷ ላይ እየቀነሰች ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው መስቀል፣ አረፋ ወይም አንትሮሽት ከመነሣታችሁ አንድ ሳምንት በፊት ስልክ ደውሉ። «ምን ላምጣልሽ?» ብትሏት «አንተን ብቻ» ትላለች፤ እዚያ ላይ አታቁሙ። እጇ ወደ ላይ ይነሣ እንደሆነ፣ ቁልፍ ትቆልፍ እንደሆነ፣ የትኛው ቀለም ደስ እንደሚላት ጠይቁ። ከዚያ ሦስትና አራት ሜትር ጥሩ ጥጥ ይዛችሁ ሂዱና አብራችኋት ልብስ ሰፊ ዘንድ ውረዱ። ሜትሩ ትከሻዋ ላይ ሲዘረጋ ከአጠገቧ ቁሙ።