ፊልም እንጀራ ይሆናል ወይ?

እዚህ ናይሮቢ ከምናስተምራቸው ልጆች አንዱ ፊልም ሥራ ልማር አለ። አባቱ «እንጀራ ይሆናል ወይ?» ብለው ጠየቁን፤ ቶሎ መልስ አጣን።

ከካኩማ የመጣችሁ ያንን የፊልም መኪና ታስታውሱታላችሁ። ፊልም ኤይድ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ለኮሶቮ ስደተኞች ፊልም ማሳየት ጀምሮ በ2001 ካኩማ ገባ፣ በኋላም ዳዳብ። ሲመሽ ትልቅ ሸራ ይወጠርና ልጅ አዋቂው አቧራው ላይ ቁጭ ብሎ ይኮመኩማል። እኛ ግን የምናመሰግነው የስደተኛ ወጣቶችን ካሜራ አስይዞ ማሠልጠኑን ነው።

የኬንያ መንግሥትም በ2005 የኬንያ ፊልም ኮሚሽንን አቋቁሟል፤ የአገሩን ፊልም ሊያሳድግ፣ የውጭ ፊልም ሠሪዎችንም ሊስብ። የውጭ እጅም አለበት፦ በ2012 የወጣው «ናይሮቢ ሃፍ ላይፍ» ጀርመናዊው ቶም ቲክቨር ከባለቤቱ ጋር በመሠረተው ዋን ፋይን ዴይ ፊልምስ ሥልጠና ውስጥ የተሠራ ነው። ዳይሬክተሩ ኬንያዊው ቶሽ ጊቶንጋ ሲሆን፣ ኬንያ ለኦስካር ውድድር የላከችው የመጀመሪያው ፊልም ነው። የእኛ አገሩ የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን ግን (በደርግ ጊዜ የተቋቋመው) ተዘግቶ ቀረ፤ ያሳዝናል።

ይህን ሁሉ ለአባትየው ነገርናቸው። ትምህርቱን ሳይተው ቅዳሜ ቅዳሜ ይሞክር አልን። እስካሁን እሺም እምቢም አላሉ።