የጥንቱ ሁለት አፍ ጠመንጃ እንደ ገና ሲሠራ

በጌዴኦ አገር የጠመንጃ ዋጋ በብር ብቻ ሲቆጠር የኖረ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሠራዊቱ ወደ ደቡብ በዘለቀ ጊዜ፣ መሬትና ገባር የተደለደለው ነፍጥ ለያዘው ሰው ነበረ፤ «ነፍጠኛ» የሚለውም ስም የወጣው ከዚሁ ከነፍጡ ነው። ቡና ዋጋ እያወጣ ሲሄድ የዚያ መሬት ዋጋ አብሮ ከፍ አለ። በ1952 ዓ.ም. በሚጪሌ የጌዴኦ ገበሬዎች ከባለመሬቶችና ከመንግሥት ኀይል ጋር በተጋጩ ጊዜ የአብዛኛዎቹ መሣሪያ ጦርና ጎራዴ ነበረ። እንግዲህ ዲላ ላይ ተቀምጦ «ጠመንጃ ምን ያወጣል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ መልሱ ከገበያ ውጭም እንደሚፈለግ አስቀድሞ ያውቀዋል ማለት ነው።

ዛሬ የምናወራው ግን ስለ ጦር ሜዳው መሣሪያ፣ ስለ ውጅግራው ወይም ስለ ምንሽሩ አይደለም። ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን ተጋጥመው ስለሚሠሩበት፣ ወፍና ጅግራ ስለሚታደንበት ጠመንጃ ነው። በውጭ አገር የጥንት ስመ ጥር ፋብሪካዎች የሠሩት የዚህ ዐይነት ጠመንጃ በአዲስ ብረት እንደ ገና እየተሠራ ይሸጣል። «ታዲያ አዲሱ ይሻላል ወይስ አሮጌው?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት አይጠፋምና፣ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። የውጭውን አገር ዓመት የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ አንድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «12 ቁጥር» የሚባለው ጠመንጃ ከ«20 ቁጥር» አፉ ይሰፋል እንጂ አይጠብም። ምክንያቱም ቁጥሩ የሚለካው በእርሳስ ነው፤ አንድ ፓውንድ እርሳስ 12 እኩል ድብልብል ቢወጣው፣ አንዱ ድብልብል ልክ የሚገባበት ቧንቧ 12 ቁጥር ይባላል። ይህም 18 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ነው።

አሁን ወደ ፓርከር እንለፍ። የፓርከር ወንድማማቾች ፋብሪካ የነበረው በአሜሪካ በኮነቲከት ክፍለ ሀገር፣ ሜሪደን በምትባል ከተማ ነው። ሥራውን የጀመረው በ1860ዎቹ ሲሆን፣ ሥራው እስኪቆም ድረስ 242 ሺህ ያህል ጠመንጃ ወጥቶበታል። በ1934 ሬሚንግተን የተባለው ኩባንያ ከነስሙ ገዛው፤ በ1938 ሥራው ከሜሪደን ተነሥቶ ወደ ኢልየን ከተማ ሄደ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወራት ጨርሶ ቆመ። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1980ዎቹ፣ ያው ጠመንጃ እንደ ገና ብቅ አለ። የተሠራው ግን በጃፓን፣ ኦሊን ኮደንሻ በሚባል ፋብሪካ ነበረ። ልኩ እጅግ ተጠብቆ ስለ ተሠራ ክፍሎቹ ከጥንቱ ጋር ይለዋወጣሉ ተብሎለታል። እርሱም ቢሆን አሥርቱ ዓመት ሳይሞላ ቆመ።

የጃፓኑን «አስመሳይ» ብሎ የናቀው ሰው ተሳስቷል እንላለን። አንደኛ ነገር፣ ድጋሚ ሥራ መሆኑንና የት እንደ ተሠራ አልደበቀም። ሁለተኛውም፣ ከጥንቶቹ ጠመንጃዎች ብዙዎቹ ቧንቧቸው ብረትና አረብ ብረት አብሮ ተጠምዝዞ የተሠራ፣ በተለምዶ የዳማስቆ የሚባል ነው። ለዐይን እንደ ጥበብ ጥልፍ ያምራል፤ ነገር ግን የታሰበው ለጥቁሩ ባሩድ ነበረና፣ የዛሬውን ጢስ አልባ ባሩድ ጥይት አጉርሶ መተኮስ ጣትንና ዐይንን ማስያዝ ነው። አዲሱ ብረት ይህን ይችላል። ለሚያድንበት ሰው እንግዲህ አዲሱ ይበልጥበታል።

ለሚሰበስበው ሰው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። በዲላ መካከል አልፎ ወደ ሞያሌ የሚወርደውን አውራ ጎዳና የያዘ መንገደኛ መጨረሻው ናይሮቢ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የነበሩት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሥልጣናቸውን በለቀቁ በ1909 ወደዚያ አገር ለአደን ሲመጡ፣ ፊላደልፊያ የተሠራ ፎክስ የሚባል ሁለት አፍ ጠመንጃ ይዘው ነበረ። ያ ጠመንጃ በ2010 በሐራጅ 862 ሺህ 500 ዶላር አወጣ። ፎክስን ከ1993 ጀምሮ በኮነቲከት የሚገኝ አንድ ኩባንያ እንደ ገና ሠርቶታል፤ ሥራው ከጥንቱ አያንስም፣ በጥራቱ ይበልጣል የሚሉም አሉ። ሆኖም አዲሱ ፎክስ ምንም ቢያምር ከሩዝቬልት ጋር ዝሆን አገር አልደረሰም።

ይህን ልዩነት የሚያረጋግጠው ብረቱ ሳይሆን መዝገቡ ነው። የፓርከር ፋብሪካ መዝገቦች ብዙዎቹ ተርፈዋል፤ አንድ ሰው የጠመንጃውን ቁጥር ቢያቀርብ መቼና በምን ዐይነት ትእዛዝ እንደ ተሠራ ተፈልጎ በደብዳቤ ይነገረዋል። ቧንቧው ተቆርጦ ወይም ሰደፉ ተለውጦ ከሆነ መዝገቡ ያጋልጠዋል። አንዳንዱም አሮጌውን ጠመንጃ ቀለም አስቀብቶ፣ ሞርዶ፣ አብርቶ ወደ ገበያ ያወጣና ዋጋው ለምን እንደ ወረደ ሲገርመው ይኖራል። መዝገብ ቤት የተመደባችሁ ወጣት ሹማምንት፣ አቧራው ሲሰለቻችሁ ይህን አስቡት። (በአገራችን ጠመንጃ ለመያዝም ለመሸጥም ፈቃድ የሚያስፈልግ መሆኑን፣ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚደነግገውን፣ እዚህ ላይ ማስታወሱ ይበቃል።)

ጌዴኦም የስም ባለቤት ነው። የይርጋ ጨፌን ቡና የማያውቅ ቡና ጠጪ አገር የለም። መንግሥታችን በ1997 ዓ.ም. ይርጋ ጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ማመልከቻ ሲያስገባ፣ ነገሩ ብዙ ክርክር አስነሥቶ ነበረ፤ በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተደረገ። የፓርከር ስም ከሜሪደን ወደ ኢልየን፣ ከኢልየን ወደ ጃፓን ተጉዟል፤ ልኩን የሚያውቅና ብረት የሚቀርጽ እስከ ተገኘ ድረስ ስሙ የትም ይሠራል። የይርጋ ጨፌ ቡና ግን በእንሰቱና በዛፉ ጥላ ሥር፣ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ በሰፈረው በዚያ መልክዐ ምድር የበቀለ ነው። የሌላ አገር ቡና በዚያ ስም ጆንያ ውስጥ ቢገባ እንደ ጃፓኑ ፓርከር «ድጋሚ ሥራ» አይባልም፤ ስሙ ማጭበርበር ነው። ይህንንም በዲላ ቡናውን በማንኪያ እየቀመሰ ደረጃ የሚሰጠው ባለሙያ፣ ቁጥር ሳያይ፣ በምላሱ ይለየዋል።