የማዳመጫው ዋጋና የጆሮ ፍርድ

እ.ኤ.አ. በ2015 ዜንሃይዘር የተባለው የጀርመን ኩባንያ «ኤችኢ 1» የሚል ስያሜ የሰጠውን የጆሮ ማዳመጫ ለዓለም አስተዋወቀ። ዋጋው ወደ 50,000 ዩሮ ይጠጋ ነበር። የማጉያ መሣሪያው አካል ከጣሊያኑ የካራራ እብነ በረድ የተሠራ ሲሆን፣ በላዩም የቫኪዩም ቱቦዎች ተተክለውበታል። አምራቹ እንደገለጸው መሣሪያው ከ8 ኸርዝ ጀምሮ እስከ 100,000 ኸርዝ የሚደርስ ንዝረት ያወጣል። በየሱቁና በየመንገዱ ዳር የሚሸጠው ተራ ማዳመጫ ግን የዚህን ዋጋ ሺህኛ እጅ እንኳ አያወጣም።

ለመሆኑ ውዱ ማዳመጫ ከርካሹ የሚሻለው በዋጋው ልክ ነውን? ሃምሳ ሺህውን ለባለጠጎች ብንተወው እንኳ፣ ጥያቄው በአነስተኛ ዋጋ ደረጃም ይነሣል። ከወር ወጪው ቆጥቦ ማዳመጫ ለመግዛት የሚያስብ ተማሪ «እጥፍ ብከፍል እጥፍ ጥራት አገኛለሁ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በዚህ ጽሑፍ ማዳመጫ እንዴት እንደሚሠራ፣ ጆሯችን ምን ያህል እንደሚሰማና ተመራማሪዎች ዋጋን ከጥራት ጋር ሲያመዛዝኑ ምን እንዳገኙ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ድምፅ ከኤሌክትሪክ እንዴት ይወለዳል?

የማዳመጫ ሥራ አንድ ነው፤ የኤሌክትሪክን መለዋወጥ ወደ አየር ንዝረት መለወጥ። በአብዛኞቹ ማዳመጫዎች ውስጥ ዲያፍራም የምትባል ቀጭን ገለፈት ትገኛለች። ከገለፈቷ ጀርባ የሽቦ ጥቅልል ተጣብቆ በማግኔት መስክ ውስጥ ይቀመጣል። ኤሌክትሪክ በጥቅልሉ ውስጥ ሲያልፍ እንደ አቅጣጫው ጥቅልሉ ይገፋል ወይም ይሳባል። ገለፈቷም አብራ ወደፊትና ወደኋላ እየተንቀሳቀሰች አየሩን ታርገበግባለች። በዚህ ዘዴ የሚሠራውን ማዳመጫ የጀርመኑ ባየር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1937 ለገበያ አቅርቧል። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ አሜሪካዊው ጆን ኮስ ለግራና ለቀኝ ጆሮ የተለያየ ድምፅ የሚሰጠውን የስቴሪዮ ማዳመጫ ለሙዚቃ አድማጮች አቀረበ።

ውድ ከሆኑት ማዳመጫዎች መካከል አንዳንዶቹ በሌላ ዘዴ ይሠራሉ። በአንደኛው ዓይነት ሽቦው በጥቅልል ፋንታ በገለፈቷ ገጽ ላይ ይነጠፋል፤ ስለዚህም ገለፈቷ በመላ አካሏ በእኩል ትገፋለች። በሌላው ዓይነት ደግሞ እጅግ ስስ የሆነች፣ የኤሌክትሪክ ሙል የተሰጣት ገለፈት በሁለት ቀዳዳማ የብረት ሰሌዳዎች መካከል ትወጠራለች። ኤችኢ 1 የሚመደበው ከዚህኛው ወገን ነው። ገለፈቷ ቀላል በሆነች መጠን የኤሌክትሪኩን መለዋወጥ ፈጥና ትከተላለች። ነገር ግን ሥራው ጥንቃቄ የሚጠይቅና በጥቂት ቁጥር የሚመረት ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚሰጥ የራሱ ማጉያም ያሻዋል። እንግዲህ የዋጋው መናር አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ልዩነቱ በምሕንድስና ዐይን ሲታይ እውነተኛ ነው። የሚቀረው ጥያቄ ይህ ልዩነት ጆሮ ዘንድ ይደርሳል ወይ የሚለው ነው።

የድምፅ ቀለም

አንዱን ኖታ በገና፣ ክራርና ዋሽንት በየተራ ቢያሰሙን ሦስቱን ያለ ችግር እንለያቸዋለን። ይህ የሚሆነው እያንዳንዱ መሣሪያ ከዋናው ድግግሞሽ በላይ የሚደራርባቸው ንዝረቶች መጠን የተለያየ ስለሆነ ነው። የበገናው ልዩ የሆነ የሚርገበገብ ድምፅ እንኳ በክሮቹ ሥር ከሚገቡት የቆዳ ቁራጮች፣ ከእንዚራዎቹ፣ የሚመጣ የንዝረት ድርድር ነው።

ማዳመጫው ወፍራሙን ድምፅ አጉልቶ ቀጭኑን ካሳነሰ ይህ ድርድር ይዛባል፤ በገናውም ሌላ በገና ይመስላል። ስለሆነም የማዳመጫ ጥራት በዋነኛነት የሚመዘነው በየድግግሞሹ ምን ያህል ድምፅ እንደሚያወጣ በሚያሳየው መስመር ነው። ተመራማሪዎች ይህን መስመር «የድግግሞሽ ምላሽ» ይሉታል።

የጆሯችን ወሰን

ጤናማ የሆነ ወጣት የሚሰማው በግምት ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ነው። የፒያኖ የመጨረሻ ቀጭን ኖታ ዋና ድግግሞሹ ወደ 4,186 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ክልል በአመዛኙ የተደራቢዎቹ ንዝረቶች ነው። ስለዚህ በማሸጊያው ላይ «እስከ 100,000 ኸርዝ» የሚል ጽሑፍ ብናነብ፣ ከ20,000 በላይ ያለው ክፍል ለሌሊት ወፍ እንጂ ለሰው የሚጠቅም አይደለም።

ዕድሜ ሲጨምር ይህ ወሰን ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። በመካከለኛ ዕድሜ የሚገኙ ብዙ ሰዎች ከ15,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ አይሰሙትም። እንግዲህ ውዱን ማዳመጫ ለመግዛት የሚበቃ ገንዘብ በሚገኝበት ዕድሜ፣ ገንዘቡ የተከፈለበትን ቀጭን ድምፅ የሚሰማው ጆሮ አብሮ አይገኝም ማለት ነው።

የጆሮ ቱቦ ቅርጽም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ቱቦው ባንድ ጫፉ ክፍት፣ በሌላው ጫፉ በታምቡር የተዘጋ ሲሆን ርዝመቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የዚህ ዓይነት ቱቦ ርዝመቱን አራት እጥፍ የሆነውን የሞገድ ርዝመት አጉልቶ ያሰማል። የድምፅ ፍጥነት በሴኮንድ 340 ሜትር ቢሆን፣ 340ን ለ0.1 ሜትር ስናካፍል 3,400 ኸርዝ እናገኛለን። ይሁን እንጂ የቱቦው ርዝመትና ቅርጽ ከሰው ሰው ይለያያል። ለአንዱ አድማጭ እጅግ የተዋበለት ማዳመጫ ለሌላው የሚሰነጥቅ ድምፅ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ዐይን ሲያይ ጆሮ ይታለላል

አበው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ። ጆሮ የሰማውን የሚተረጉመው አንጎል ነው፤ አንጎል ደግሞ ከጆሮ ብቻ አይቀበልም፤ ዐይንን፣ እጅንና የዋጋ ወረቀትን ጭምር ያማክራል።

እ.ኤ.አ. በ1994 ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የተባሉ ተመራማሪዎች 40 አድማጮችን ሰብስበው አራት ድምፅ ማጉያዎችን አስገመገሙ። በመጀመሪያ ማጉያዎቹ ከመጋረጃ ጀርባ ነበሩ፤ በኋላ ግን በግልጽ ታዩ። ማጉያዎቹ በታዩ ጊዜ ትልልቆቹና ያማሩት ነጥባቸው ከፍ አለ፤ ርካሽ የነበረው ትንሹ ማጉያ ደግሞ በመጋረጃው ጊዜ ያገኘውን ግምት አጣ። የተለወጠው ድምፁ ሳይሆን የአድማጮቹ ዕውቀት ነበር።

በጣዕምም ላይ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋምና የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ አንዱን ወይን ጠጅ አንድ ጊዜ የ10 ዶላር፣ ሌላ ጊዜ የ90 ዶላር ነው እያሉ አስቀመሱ። ቀማሾቹ የ90 ዶላሩን አስበልጠው አመሰገኑ፤ ደስታን የሚመዘግበው የአንጎላቸው ክፍልም ይበልጥ ሲሠራ በምስል ታየ። ከዚህ የምንረዳው ውድ ማዳመጫ ገዝቶ «ልዩ ነው» የሚል ሰው እየዋሸ አለመሆኑን ነው። ደስታው እውነተኛ ነው፤ ምንጩ ግን ድምፁ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ዋጋና ጥራት በሚዛን

ማዳመጫን ተደብቆ መፈተን ከድምፅ ማጉያ ይልቅ ያስቸግራል። መጋረጃ ቢጋረድም ክብደቱና የትራሱ ልስላሴ ራስ ላይ ሲያርፉ ማንነቱን ያሳብቃሉ። ሾን ኦሊቭና ባልደረቦቹ ለዚህ መላ አበጁለት። ለአድማጩ አንድ ማዳመጫ ብቻ አድርገውለት የሌሎቹን የድግግሞሽ ምላሽ በኮምፒዩተር እያስመሰሉ አሰሙት። ኦሊቭ ይሠራበት የነበረው ሃርማን ራሱ ማዳመጫ ሻጭ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ሆኖም ከ2010ሮቹ መጀመሪያ አንሥቶ ያወጧቸው ጥናቶች እንዳሳዩት፣ አብዛኞቹ አድማጮች ስምና ዋጋ ሲደበቅባቸው የሚመርጡት የድምፅ ሚዛን ተቀራራቢ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ዬሩን ብሬባርት የ283 ማዳመጫዎችን የድግግሞሽ ምላሽ ከመሸጫ ዋጋቸው ጋር አነጻጽሮ ውጤቱን በአሜሪካ የአኮስቲክስ ማኅበር መጽሔት አሳተመ። ያገኘው ውጤት በጥናቱ ርእስ ላይ ሳይቀር ተገልጿል፤ በምላሹና በዋጋው መካከል ዝምድና አልተገኘም። ከውዶቹ መካከል የተዛባ ሚዛን ያላቸው፣ ከርካሾቹም መካከል የተስተካከለ ሚዛን ያላቸው አሉ ማለት ነው።

ስለ ድምፅ ቅጂ ጥራትም ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ብራድ ማየርና ዴቪድ ሞራን ባሳተሙት ጥናት፣ ከሲዲ የላቀ ጥራት አለው የተባለ ቅጂ በሲዲ ደረጃ ሲተላለፍ አድማጮች ይለዩት እንደሆነ 554 ጊዜ ተፈተነ። ትክክል የመለሱት 276 ጊዜ ነው፤ ይኸውም ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አልተለየም።

ታዲያ ገንዘቡ ምን ይገዛል?

ከዚህ ተነሥተን «ሁሉም ማዳመጫ አንድ ነው» ብንል እንሳሳታለን። እጅግ ርካሽ የሆኑት ማዳመጫዎች ድምፁን በጉልህ ያዛባሉ፤ ግራና ቀኛቸው አይመጣጠንም፤ ሽቦቸውም በጥቂት ወራት ይበጠሳል። ከዚህ ደረጃ ወጥቶ ወደ መካከለኛው ዋጋ መሸጋገር ብዙ ጊዜ የሚሰማ ለውጥ ያመጣል። ከዚያ በኋላ ግን ተጨማሪው ገንዘብ ይበልጡን የሚገዛው ምቾትን፣ ጽናትን፣ ሊቀየር የሚችል ሽቦና ትራስን፣ ውበትንና ክብርን ነው። እነዚህ ነገሮች ዋጋ የላቸውም አንልም። ነገር ግን ገዢው ለምን እየከፈለ እንደሆነ ዐውቆ ቢከፍል መልካም ነው።

በክፍል ውስጥ የሚሠራ ፈተና

ይህን ጉዳይ አንባቢያን በራሳቸው ሊፈትኑት ይችላሉ። ዋጋቸው የሚራራቅ ሁለት ማዳመጫዎችን አዘጋጁ። አሥር ጓደኞቻችሁን አንድ በአንድ ዐይናቸውን ሸፍናችሁ፣ ማዳመጫውን በእጃቸው ሳይነኩ እናንተው አድርጉላቸው። የትኛው እንደሚቀድም በሳንቲም ወስኑ፤ አንበሳው ከላይ ከሆነ ውዱ ይቅደም። በሁለቱም ላይ አንዱን ዘፈን አሰሙና የትኛውን እንደሚመርጡ ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን እንዳይዘነጋ፤ የድምፁ መጠን በሁለቱም እኩል መሆን አለበት። እጅግ አነስተኛ የሆነ የድምፅ ብልጫ እንኳ ለአድማጩ «ጮኸ» ሳይሆን «ጠራ» ሆኖ ይሰማዋል። በስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ መለኪያ ለዚህ በመጠኑ ይረዳል።

ውጤቱንም በሒሳብ እንመዝነው። አሥር ሰዎች ከሁለት አንዱን እንዲሁ በግምት ቢመርጡ ሊከሠቱ የሚችሉት ውጤቶች 1,024 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ውዱ ሰባት ወይም ከዚያ በላይ ድምፅ የሚያገኝባቸው 176 ናቸው፤ ይህም 17 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ «ሰባት ሰዎች መረጡት» ማለት ገና ማስረጃ አይሆንም። ዘጠኝ ወይም አሥር ሰዎች የሚመርጡባቸው ግን 11 ብቻ ናቸው፤ አንድ በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ዘጠኝ ሰው ከመረጠው የውዱ ማዳመጫ ብልጫ በአጋጣሚ የተገኘ ነው ለማለት ያስቸግራል።

የማይተካው መሣሪያ

ስለ ማዳመጫ ዋጋ ስንከራከር ከሁሉ የሚበልጠውን ዕቃ እንዳንረሳው ያስፈልጋል። በውስጠኛው ጆሮ፣ በቀንድ አውጣ አምሳል በተጠቀለለው ኮክሊያ ውስጥ፣ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡ ወደ 15,000 የሚጠጉ የፀጉር ህዋሳት ይገኛሉ። በሰው ጆሮ ውስጥ እነዚህ ህዋሳት ከሞቱ ዳግመኛ አይበቅሉም።

የዓለም ጤና ድርጅት ምክር እንደሚለው አንድ ዐዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥ ይችላል። ድምፁ በ10 ዴሲቤል ሲጨምር የሚሸከመው ኃይል አሥር እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ በ90 ዴሲቤል የሚፈቀደው ጊዜ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። ይህም በሳምንት መሆኑ ልብ ይባል። በታክሲና በአውቶቡስ ጫጫታ ውስጥ ሙዚቃውን ለመስማት ድምፅ የሚጨምር ተማሪ ከዚህ መጠን በቀላሉ ሊያልፍ ይችላል።

ስለሆነም ጥቂት ገንዘብ የመጨመር ዐቅም ያለው ሰው ቢጨምር የምንመርጠው ጆሮን በሚገባ ገጥሞ የውጭውን ጫጫታ ለሚያስቀር ማዳመጫ ነው። ጫጫታው ሲቀንስ ድምፅ መጨመር አያስፈልግምና። ከመግዛታችሁ በፊት ዋጋውን ሳትጠይቁ አድምጡ፤ የምታውቁትን ዘፈን ምረጡ፤ የድምፁን መጠን አስተካክሉ፤ ራስ ላይ ለጥቂት ደቂቃ አቆዩት። ዋጋውን መጠየቅ የሚገባችሁ ከዚህ በኋላ ነው።