ቦቴው ከየት ይመጣል?

ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ውስጥ መጋዘን ሲቀጣጠል መጀመሪያ የሚሰማው ጩኸት ነው። ቀጥሎ ባልዲና አፈር ይመጣል፤ ከዚያ አንዱ 939 ይደውላል። ቁጥሩ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን ነው። ቡራዩና ሱሉልታ ግን የአዲስ አበባ አይደሉም፤ በ2015 ዓ.ም. ከሰበታ ጋር ተጠቃለው በኦሮሚያ ሥር የተቋቋመው የሸገር ከተማ ክፍለ ከተሞች ሆነዋል። ያም ሆኖ የአዲስ አበባ መኪኖች ወደዚያ መሄዳቸው አዲስ ነገር አይደለም። «እሳት አደጋ ጥሩ!» ብሎ የሚጮህ ሰው ቦቴው የየትኛው መስተዳድር እንደሆነ አይጠይቅም።

ሌላም ጎረቤት አለ። ከቡራዩ በአምቦ መንገድ ሲወጡ፣ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ስዊድናውያን መኮንኖች ያስተማሩበት የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ይገኛል። የአየር ኃይሉ ሰፈር ቢሾፍቱም ሩቅ አይደለም። የሰለጠነ ጉልበት፣ ከባድ መኪናና ሄሊኮፕተር በዙሪያው አለ ማለት ነው። ታዲያ ቤቱ የሚቃጠልበት ሰው ስለምን መከላከያን አያስብም?

አንዱ ምክንያት ሕጉ ውስጥ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 14 ፌዴራል መንግሥት በክልል ጥያቄ ሠራዊት የሚያሰማራው ከክልሉ አቅም በላይ የሆነ የፀጥታ መደፍረስ ሲያጋጥም ነው ይላል። አንቀጽ 87 ደግሞ ሠራዊቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚሰጠውን ተግባር እንዲፈጽም ያዛል፤ የተፈጥሮ አደጋም በአንቀጽ 93 መሠረት አዋጅ ሊያሳውጅ ይችላል። ለአንድ የፋብሪካ ቃጠሎ ግን አዋጅ የሚያውጅ የለም፤ ደግሞም ባይታወጅ ይሻላል።

ሁለተኛው ምክንያት ትዝታ ነው። መስከረም 2009 በሰበታ የቱርክ ባለሀብቶች የነበረው ሳይገን ዲማ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በኦሮሚያ ተቃውሞ መካከል ተቃጠለ። በወሩ መጨረሻ አገር አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አዋጁን ያስፈጸመውን ኮማንድ ፖስት የመሩት የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲራጅ ፈጌሳ ነበሩ። በዚያ ሰሞን ወታደር ወደነዚህ ከተሞች የመጣው ለጥበቃና ለፍተሻ እንጂ ቱቦ ይዞ አልነበረም። ያንን ያየ ነዋሪ መለዮ ለባሽ ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ውሃ አይደለም፤ ይህን መካድ አይጠቅምም።

ሠራዊቱ ለአደጋ ባዕድ ነው ማለት ግን አይደለም። በ1998 ክረምት ድሬዳዋን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ መትቶ ከ250 በላይ ሰው ከገደለ በኋላ፣ ኦሞ ወንዝ ሞልቶ ከ360 በላይ ነዋሪ ጨረሰ። ውሃ የከበባቸውን ለማውጣት የወታደሩ ሄሊኮፕተሮችና ጀልባዎች ተሰማርተዋል። በ1992 የባሌና የቦረና ደን ሲነድም ወታደሩ ከገበሬውና ከተማሪው ጋር ዘምቷል፤ ያኔ ከሁሉም በላይ የጎደለው መሣሪያና ሥልጠና ነበር።

ይኸው ጉድለት ሚያዝያ 2011 በሰሜን ተራሮች ተመልሶ መጣ። ብሔራዊ ፓርኩን ለማዳን የእሳት ተከላካዮች ከእስራኤል፣ ሄሊኮፕተር ከኬንያ ተለመነ። በዚያው ሰሞን ፓሪስ ላይ ኖትርዳም ካቴድራል ተቃጥሎ ነበር፤ ያጠፉት ወታደሮች ናቸው። የፓሪስ እሳት አደጋ ከናፖሊዮን ዘመን፣ ከ1811 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጦር ሠራዊቱ ክፍል ነው። ልዩነቱ መለዮው ላይ አይደለም። እነዚያ ወታደሮች ሙያቸው እሳት ነው፤ ሲጠሩ ጠመንጃ ሳይሆን መሰላል ይዘው ይወጣሉ።

ለሸገር የፓሪስን ያህል መመኘት ብዙ ነው። የሚያስፈልገው ቀለል ያለ ስምምነት ነው፦ ማን ይጠራል፣ ማን ያዛል፣ የትኛው ካምፕ ስንት የውሃ ቦቴና ስንት የሰለጠነ ሰው ይልካል የሚለው አስቀድሞ ይጻፍ። ቦታው ላይ ትዕዛዙ የእሳት አደጋው ኃላፊ ይሁን፤ ወታደሩም መሣሪያውን ካምፕ ትቶ ይምጣ። የአዲስ አበባ፣ የሸገርና የመከላከያ ኃላፊዎች ይህን ለመፈረም የሚቀጥለውን ቃጠሎ አይጠብቁ።