ሜፕሉን ተዉት፣ ደምቢ አለላችሁ

«የጃፓን ሜፕል ችግኝ ነቀምቴ ይገኛል ወይ?» የምትሉኝ በዝታችኋል። ማማሩንማ ማን ይክዳል። ግን ሜፕል በየዓመቱ ቅጠሉን አራግፎ ለወራት በብርድ መተኛት የለመደ ዛፍ ነው። ነቀምቴ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ሰኔ ሲገባ የሚመጣብን ዝናብ እንጂ ውርጭ አይደለም። እንቅልፍ ያጣ ሜፕል ከዓመት ዓመት እየደከመ ይሄዳል።

የቦንሳይ (የሰሃን ዛፍ) ሰዎች ሜፕል ላይ የሚሠሩት ኤር ሌየሪንግ፣ ማለትም ቅርንጫፍን ከዛፉ ሳይቆርጡ ሥር ማስወጣት ግን ለደምቢ ልኩ ነው። ጭብሃ የምትሉትም አላችሁ። ከሾላና ከዋርካ ወገን ሆኖ ቅጠሉ ከእነሱ ያንሳል፤ ለሰሃን ዛፍ ደግሞ ትንሽ ቅጠል ዋናው ነገር ነው።

«ቆርጬ ብተክለውስ?» ይጸድቃል፣ ያውም በቀላሉ። ሥሩ ግን በአንድ ጎን ብቻ ሊወጣ ይችላል። ቦንሳይን ቦንሳይ የሚያስመስለው ግንዱን ዙሪያውን ይዞ የተዘረጋ ሥር ነው።

ስለዚህ አውራ ጣት የሚያህል፣ ቅርጹ ያማራችሁን ቅርንጫፍ ምረጡ። በምላጭ ቅርፊቱን 3 ሴንቲሜትር ያህል ዙሪያውን ግፈፉት። ነጭ ወተት ይፈሳል፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ዓይናችሁን እንዳትነኩ። ቀጥሎ የሚያሙለጨልጨውን ስስ ሽፋን ነጩ እንጨት እስኪወጣ ፋቁት። ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው። ጭረት ታህል ከቀረች ቅርፊቱ መልሶ ይገጥምና ሥር የሚባል አታዩም።

ቅርንጫፉ ለምን አይደርቅም? ውሃው በውስጠኛው እንጨት በኩል መውጣቱን ስለሚቀጥል ነው። ቅጠሉ የሠራው ምግብ ግን በቅርፊቱ ሲወርድ የተገፈፈው ቦታ ላይ መንገድ ያጣል። ከላይኛው ጠርዝ ይጠራቀማል፣ ሥሩም ከዚያው ይፈልቃል። ስለዚህ ስትሸፍኑ ላይኛው ጠርዝ መሀል ላይ ይዋል።

መሸፈኛው የከረመ ሰጋቱራ ነው። ከአናጢ ቤት ትኩሱን አታምጡ። አርጥባችሁ ስትጨምቁት ጠብታ የማይወርደው ይበቃል። በሚያሳይ ፌስታል ጠቅልሉ፣ ጫፍና ጫፉን በሲባጎ ጥብቅ አድርጉ፣ ላዩን በጥቁር ፌስታል ጋርዱ። ሥር ጨለማ ይወዳል፣ እናንተም ገለጥ አድርጋችሁ ታያላችሁ።

ግንቦት ላይ ብትጀምሩ ጥሩ ነው፤ ዝናቡ ሳይወጣ ሸክላ ውስጥ እንዲለምድ። ነጩ ሥር በዝቶ ቡናማ መሆን ሲጀምር ከሥሩ በታች ቁረጡና ቅጠሉን በግማሽ ቀንሱ፤ ጥቂት ሥር ብዙ ቅጠል አያጠጣም። የምትተክሉበት አፈር ላይ አሸዋና በደንብ የበሰበሰ የቡና ገለባ ጨምሩበት። ገለባውን ወለጋ ውስጥ ሆናችሁ አጣሁ እንዳትሉኝ!

ሰው የሚሰበሰብበትን ኦዳ በምላጭ መንካት ግን አይታሰብም። ሆሮ ጉዱሩ ሄዳችሁ የገዳ መሰብሰቢያውን ኦዳ ቡሉቅን ያያችሁ ለምን እንደምል ታውቃላችሁ። የአጥር ደምቢ ሞልቷል፣ ባለቤቱን አስፈቅዱ።

ቅርጽ የሚያስይዘውን ሽቦ ለማሰር አትቸኩሉ። ግንዱን ነካ ስታደርጉት የሚወዛወዝ ከሆነ ሥሩ ገና አልያዘም።