«ጊቭ ሚ» ወይስ «ኩድ አይ ሃቭ»?

ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት የታመመ ልጃቸውን አዝለው ክሊኒክ ሄዱ። መድኃኒት የምታድለውን ወጣት «ጊቭ ሚ ሜዲስን!» አሏት። ልጅቷ ፊቷ ልውጥውጥ አለ፤ ቆዩ ብላ ወደ ሌላው ሰው ዞረች። እኚሁ እናት በአማርኛ ቢሆን «የኔ እመቤት፣ እባክሽ መድኃኒቱን ብትሰጪኝ» ነበር የሚሉት። ጨዋነቱ አላቸው፤ እንግሊዝኛው ነው ያላወጣላቸው።

ብዙ ሰው «እንግሊዝኛ አንተና አንቱ አይለይም፣ ማክበር የሌለው ቋንቋ ነው» ይላል። እውነት ነው፣ ለሕፃኑም ለዳኛውም «ዩ» ነው። ድሮ «ዛው» የሚል እንደ «አንተ» ያለ ቃል ነበራቸው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከዕለት ንግግር እየወጣ ሄደ። አክብሮቱ ግን አልጠፋም፣ ቦታ ነው የቀየረው። እኛ በግሱ መጨረሻ የምናስቀምጠውን እነሱ ትእዛዙን ወደ ጥያቄ በመለወጥ ይገልጹታል። «ጊቭ ሚ» ስጪኝ ነው፤ «ኩድ ዩ ጊቭ ሚ» ግን ልክ የኛን «ብትሰጪኝ» ይመስላል። «አይ ዎንት» የሚለውም «አይ ዉድ ላይክ» ሲሆን ይለሰልሳል። ስዋሂሊ የለመዳችሁ ደግሞ «ናታካ» እና «ናኦምባ» ያላቸውን ልዩነት አስቡ፤ ነገሩ ያው ነው።

ይህ ማለት ግን ሁልጊዜ መለማመጥ አይደለም። ኳስ ሜዳ ላይ «ኩድ ዩ ፕሊስ ፓስ ዘ ቦል» የሚል ተማሪ አለኝ፤ እስኪጨርስ ኳሷ ተወስዳለች! ከጓደኛ ጋር «ፓስ!» ይበቃል። ከፊልም የተለቀሙት «ጎና» እና «ዋና» የሚባሉትም ለወሬ ጥሩ ናቸው፤ ማመልከቻ ላይ ግን አትጻፏቸው።

ከዚህ ሁሉ የባሰው «የስ» እና «ኖ» ናቸው። አንድ ሠራተኛ «ዲድንት ዩ ጌት ዘ ካርድ?» ብሎ ጠየቀ እንበል፤ ካርዱን አላገኘህም ወይ ማለቱ ነው። እኛ በአማርኛ ልማድ «አዎ፣ አላገኘሁም» ብለን እናስብና «የስ» እንላለን። በእንግሊዝኛ ደንብ ግን «የስ» ካልክ አግኝቻለሁ ብለሃል፤ እሱም እንደዚያው ይጽፋል። ያላገኘ ሰው «ኖ» ነው የሚለው። በዚህ በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሆነው እንደኛ የሚመልሱም ስላሉ ነገሩ ይበልጥ ይምታታል። ስለዚህ ባዶ «የስ»ም ባዶ «ኖ»ም አይበቃም፤ «ኖ፣ አይ ዲድ ኖት ጌት ኢት» ብላችሁ አረፍተ ነገሩን ሞልታችሁ ተናገሩ።

ሌላም አለ። ኢንተርቪው ላይ «ዱ ዩ አንደርስታንድ?» ሲባሉ ሳይገባቸው ለአክብሮት ሲሉ «የስ፣ ሰር» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ በተለይ ትልልቅ ሰዎች። ሰውየውን ማስቸገር ነውር ይመስላቸዋል። በእንግሊዝኛ ግን ድገሙልኝ ማለት ነውር የለውም፤ አባባሉን ማወቅ ብቻ ነው። «ዋት?» ካሉ እንደ ቁጣ ይሰማል። «ሶሪ፣ ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌይን፣ ፕሊስ?» ካሉ ማንም አይቀየምም፤ አስፈላጊ ከሆነም ሦስቴ ይጠይቁ። ያልገባን ነገር ፋይላችን ውስጥ ከተጻፈ በኋላ ማስተካከል ምን ያህል እንደሚያንገላታ የደረሰበት ያውቀዋል።

ያቺ የክሊኒኳ እናት አሁን ማታ ማታ ክፍል ይመጣሉ። አንዱን አረፍተ ነገር በአማርኛ ፊደል ጽፌ ሰጠኋቸው፤ «ፕሊስ፣ ኩድ አይ ሃቭ ማይ ቻይልድስ ሜዲስን?» ይላል። ደጋግመው አነበቡትና፣ «ይሄ ሁሉ ለአንድ ጠርሙስ ሽሮፕ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፈው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።